ማየትም መግዛት ነው

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ነበርኩ። ከፊቴ አንዲት እናት ፓፓያ ይመርጣሉ። አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ መለሱት። ሦስተኛው ላይ ነው ልባቸው የረጋው። የዋጋው ክርክር በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ አለቀ።

ወደ ሰፈሬ ሳቢያን ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ስልኬን አወጣሁ። ቲክቶክ ከፈትኩ። የእኔ አውራ ጣት ምንም አይመርጥም፤ የመጣለትን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ስወርድ ካየሁት ውስጥ አንዱንም አላስታውስም።

ይሄ ነገር ያሳስበኛል። ለአንድ ፓፓያ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ዓይናችንን ለማንም እንበትናለን። ያውም ፓኬጅ ገዝተን! የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ገቢው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከማስታወቂያ ነው። አስተዋዋቂው የሚከፍለው የእኔንና የእናንተን ዓይን ለማግኘት ነው። ኢኮኖሚስቱ ኸርበርት ሳይመን መረጃ ሲትረፈረፍ ትኩረት እንደሚያጥር የጻፈው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ቲክቶክ ቀርቶ ኢንተርኔትም እዚህ አልደረሰም።

የሰው ጠብ የሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ቆመን ስንሳደብ እንኳ ስድባችን ኮሜንት ሆኖ ይቆጠርለታል። ቪዲዮው ለሌላ ሰው እንዲደርስ አገዝነው ማለት ነው።

በተለይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት የቴሌግራም ሱቆች አይዋጡልኝም። ቀፊራ ላይ «ስንት ነው?» ያለ ሰው መልሱን እዚያው ያገኛል። አጠገቡ የቆመውም ይሰማል፤ ሻጭ ዋጋ እንዳያንር የሚይዘው ይሄ ነው። በውስጥ መስመር ግን ለእኔ ሌላ፣ ለጎረቤቴ ሌላ ዋጋ መንገር ይቻላል። እኔ ከእነዚህ ቻናሎች ወጥቻለሁ። ዋጋውን በግልጽ የሚጽፍ ሱቅ ሳገኝ ደግሞ ባልገዛም ለወዳጆቼ እልከዋለሁ። ለሐቀኛ ነጋዴ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ከምሳ በኋላ፣ ድሬ ስትግል፣ ቤታችን ስልኮቹ ሁሉ ጓዳ ይገባሉ። መጀመሪያ ልጆቹ አኩርፈው ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ትንሿ ልጄ እናቴን ስለ ድሮው ባቡር ጠየቀቻት። እናቴ ከፉጨቱ ጀመረች። ጣቢያው በር ላይ ሰው እንዴት ይጋፋ እንደነበር፣ ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ እንዴት ይራገፍ እንደነበር አወራች። በረካው ተቀድቶ እንኳ አላቆመችም።