ደጅ ጥናት በደረሰኝ

አጎቴ የሚኖሩት ደሴ ነው። እሑድ እሑድ እደውልላቸዋለሁ። የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቄ ስጨርስ ሁልጊዜ «አየሩስ እንዴት ነው?» እላለሁ። ደኅና ሲሆን «ብራ ነው» ይሉኛል። ሲጠራጠሩ «ደመናው አልገፈፈም» ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ «አዝመራው ሳይሰበሰብ ዶፍ ወረደብን» ብለው ዝም ይላሉ። እኔና አጎቴ ስለ ዝናብ ተነጋግረን አናውቅም። ይህን ቋንቋ ማንም አላስተማረንም፤ እንዲህ እንበል ብለንም አልተማከርንም። በሦስት መንግሥታት ዘመን የኖረ ሰው ስልክ ሲያነሣ እንዲሁ ይመጣለታል።

እኔ ከምርጫ 97 ማግሥት ወጥቼ ሜሪላንድ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይን ከሞላው ሕዝብ መካከል ቆሜ ነበር። በዚያ ሰሞን ገዥውና ተቃዋሚው በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ ስላየን ነገሩ የተለወጠ መስሎን ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በ2002ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ የቀሩትን ሁለቱንም አላስተረፏቸውም።

ከእንዲህ ያለ አገር የመጣ ሰው የማይረሳው ማታ አለው። የእኔ እ.ኤ.አ. በ2023 ነበር። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት የቤት ኪራይ ጭማሪን በሕግ ለመገደብ ይመክር ነበርና የሕዝብ አስተያየት ወደሚሰማበት ሮክቪል ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ። እርሷ ልትናገር፣ እኔ መኪና ልነዳ። ለተናጋሪው የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራል። ከእርሷ በፊት አንድ ሽማግሌ ተነሡ፤ የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው ነበር፣ ነገር ግን አላነበቡትም። ወረቀቱን እያውለበለቡ የምክር ቤት አባላቱን በየስማቸው እየጠሩ ሌቦች፣ የባለ ፎቆች ተላላኪዎች አሏቸው። ቀዩ መብራት በራ። ሰብሳቢው «አመሰግናለሁ፤ ቀጣይ» አለ።

ሰውዬው ካፖርታቸውን አንሥተው ወጡ። ከኋላቸው ማንም አልተከተላቸውም። እኔ ግን ተከተልኩ፤ ማንም አለመከተሉን ለማረጋገጥ። መኪናቸው አልነሣ ብሏቸው ሁለት ጊዜ ሞከሩ፣ በሦስተኛው ተነሣና ሄዱ። ብርዱ ውስጥ ቆሜ የኋላ መብራታቸው እስኪጠፋ አየሁ። ጎረቤቴ የተናገረችውን ሳልሰማ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። በዚያ ዓመት ሐምሌ ሕጉ ጸደቀ፤ ዓመታዊ ጭማሪውም ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ።

አልዋሽም፤ ያን ማታ አሜሪካን ወደድኳት። ይሁን እንጂ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ማታ አይቼ ነበርና ፍቅሬ ልኩን አላለፈም። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ለምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ሰው የማኅበረሰባችንን ድጋፍ ሊጠይቅ መጥቶ እራት ተደረገለት። መግቢያው 250 ዶላር ነበር። የከፈልነው ለእራቱ ሳይሆን ከሰውዬው ጋር ለምንነሣው ፎቶግራፍ ነው፤ ሁላችንም ይህን እናውቃለን፣ ማናችንም አንናገረውም። ረዳቱ የሆነ ወጣት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ሁለት ነገር ጠየቀ። በምርጫ ክልሉ ውስጥ ድምፅ የምትሰጡ ስንት ናችሁ? እስከ ወሩ መጨረሻ ስንት ይሰበሰባል? ምን እንደምንፈልግ የጠየቀን ሰውዬው ካፖርቱን ከለበሰ በኋላ ነው።

ያኔ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት አልነበረኝም። የአገሩ ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ አይፈቅድም፤ ለተወዳዳሪ ገንዘብ እንዲሰጥ ግን ይፈቅዳል። የምርጫ ወረቀት መንካት የማይችለው እጄ ቼክ ለመፈረም ብቁ ነበር። ፈረምኩም።

ነገሩ ሥር አለው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚባለው፣ ኮንግረስ የንግግርንና የፕሬስን ነፃነት የሚያጠብብ ሕግ እንዳያወጣ የሚከለክለው አንቀጽ፣ ከ1791 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለምርጫ የሚወጣ ገንዘብ ከንግግር ተለይቶ አይታይም አለ። በ2010 ደግሞ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ኩባንያዎችና ማኅበራት ከተወዳዳሪው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ለቅስቀሳ የፈለጉትን ያህል ማውጣት ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ሱፐር ፓክ የሚባሉት ገደብ የለሽ የገንዘብ ቋቶች የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። በ2024 ምርጫ የዓለማችን ቀዳሚ ባለጸጋ ኢላን መስክ ብቻውን ከሩብ ቢሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለውን የእኛን ተረት እነዚህ ሰዎች የሕገ መንግሥት ትርጓሜ አድርገውታል።

እዚህ ላይ ግን ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። «በቃ፣ አሜሪካም በገንዘብ ነው» ብሎ መደምደም ስንፍና ነው። ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ፕሬዚዳንት ለመሆን ከኪሱ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ያሸነፈው ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለችውን አሜሪካን ሳሞዋን ብቻ ነው። ገንዘብ ወንበሩን ሁልጊዜ አያስገኝም። አዘውትሮ የሚያስገኘው ደጁን ነው፤ ማን ገብቶ ተቀምጦ እንደሚደመጥ፣ ማን ውጭ እንደሚቆም።

ለዚህ ነገር አባቶቻችን ሎቢ ከመባሉ በፊት ስም ነበራቸው፤ ደጅ ጥናት። ጉዳይ ያለው ባላገር ሙክቱን እየነዳ ማሩን አስጭኖ የመኳንንቱ ግቢ በር ላይ ይሰፍራል። ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴም ክረምት ከበጋ። ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሣል፤ ካዩት አዩት፣ ካላዩት ነገ አለ። በር ጠባቂውም የራሱ እጅ መንሻ አለው። ዋሽንግተን ኬ ስትሪት ላይ በመስታወት ፎቆች ውስጥ የሚሠራው ሥራ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሙክቱ በባንክ መላኩና ደጅ ጠኚው መመዝገቡ ነው። ለአገር ውስጥ ሎቢ የ1995 ሕግ፣ ለባዕድ መንግሥት የሚሠራ ደግሞ ከ1938 ጀምሮ ያለ ሕግ፣ ማን ለማን ምን ያህል ከፈለ የሚለውን አስመዝግቡ ይላል። ደጅ ጥናቱ ደረሰኝ አለው።

የዚህን ደረሰኝ ጥቅም ያወቅነው በራሳችን ጉዳይ ነው። ከ97ቱ ግድያና እስራት በኋላ የኢትዮጵያን ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የሚመለከት፣ በእኛ ዘንድ «ኤች አር 2003» በሚለው ቁጥሩ የሚታወቅ ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2007 የተወካዮች ምክር ቤቱን አለፈ። ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውም የኮንግረስ ቢሮዎችን ስልክ ቁጥር በቃሉ ይዞ ነበር። የአዲስ አበባው መንግሥት በበኩሉ ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ግዙፍ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ተከላከለ። ረቂቁ ሴኔት ደርሶ እዚያው ቀረ። ያው መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር አገር ቤት ውስጥ በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የውጭ ገንዘብ በእኛ ፖለቲካ አይገባም፤ የእኛ ገንዘብ ግን በውጭ ፖለቲካ ይገባል ማለት ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ መንግሥቱ ዋሽንግተን ላይ ለደጅ ጠኚ ምን እንደሚከፍል ማወቅ ቢፈልግ የሚያነበው የራሱን ፓርላማ ቃለ ጉባኤ አይደለም፤ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርን መዝገብ ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ብልጠቱን እኛም ተማርነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2018፣ ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በስምንተኛው ቀን፣ በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀው ኤች አር 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ አለፈ። የማስገደድ ኃይል የሌለው ወረቀት ነበር፤ ቢሆንም ያን ቀን የተላቀሰውን ሰው አይቻለሁ። ከተሟገቱልን አንዱ ማይክ ኮፍማን፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባትን የኮሎራዶዋን አውሮራን የሚወክል ሰው ነበር። የወደደን መልካችንን አይቶ እንዳይመስላችሁ፤ ድምፃችንን ቆጥሮ ነው። በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፈ። በ2021 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በባይደን አስተዳደር የተቆጡ ወገኖቻችን በቨርጂኒያ የአገረ ገዥ ምርጫ ለተቃዋሚው ሪፐብሊካን ለግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ሌሎች ወገኖቻችን በዚያው ሰሞን በዚያው አካባቢ ተቃራኒውን ይለምኑ ነበር። ያንግኪን አሸነፈ። «እኛ ነን ያስመረጥነው» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አለ፤ ልዩነቱ ከ60 ሺህ ድምፅ በላይ ነበርና እኔ እጠራጠራለሁ፣ ደስታውን ግን አልነፍገውም።

ራሳችንንም ልታዘብ። የሌላውን ሰው አፍ ለመዝጋት እንደ እኛ የሚተጋ ስደተኛ አላየሁም። ከሁለት የአበሻ ምግብ ቤት በአንዱ የሚበላ በሌላው አይበላም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በወገን ተከፍሏል። ምድር ቤቱ ውስጥ ካሜራ ተክሎ «ተነሥ! ምን ትጠብቃለህ?» እያለ የሚጮኸው ሰው ቪዲዮው በታየ ቁጥር ይከፈለዋል። ሒሳቡን የሚከፍለው ያንን ቪዲዮ ስልኩ ውስጥ ተገኝቶበት የሚጠየቀው የባሕር ዳር ወይም የነቀምት ልጅ ነው።

አገር ቤት ያለው ሕግማ ጥሩ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለማንም ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት ለመያዝ እንደሚችል ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስር ቤት ያለ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ በ2011 ዓ.ም. የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። አጎቴ ያን ጊዜ ስለ አየር ሳይሆን በቀጥታ ስለ መንግሥት አወሩኝ፤ ደነገጥኩ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ሲከፈት ዝናቡ ተመልሶ ነበር። ወዲህ ትግራይ፣ ወዲያ አማራ ክልል ለረጅም ወራት ድምፃቸው ሲጠፋ አጎቴም «ክረምቱ ረዘመ» ማለት ጀመሩ። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ኔትወርክ ከተቆረጠ እረኛው ምን እንዳለ በማን ይታወቃል?

አንድ ጊዜ አጎቴ ራሳቸው ደወሉልኝ። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2021 ነበር፤ ለእኛ የገና ዋዜማ። ነጠላዬን አጣጥፌ ዋሽንግተን ለማኅሌት ልወጣ ስል የኮንግረሱ ሕንፃ ካፒቶል ተወርሮ ከተማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታወጀበት። «አሜሪካም ሰዓት እላፊ አለ እንዴ?» አሉኝ። አለ ስላቸው ትንሽ ዝም ብለው «ዱቄት አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ስቄ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን ግን አልሳቅኩም። አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ ለዜግነት ፈተና ሲያጠና ላግዘው ቤቱ ሄድኩ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በፈረንጆቹ መጋቢት፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለፍልስጥኤም ሰልፍ ሲያስተባብር የነበረ የግሪን ካርድ ባለቤት ተይዞ ነበር። ቦስተን አጠገብም አንዲት ቱርካዊት የዶክትሬት ተማሪ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ከሌሎች ጋር በጻፈችው አስተያየት ምክንያት መንገድ ላይ ተይዛ ሉዊዚያና ተወስዳለች። ወዳጄ በግራ እጁ የጥያቄ ካርዶቹን፣ በቀኝ እጁ ስልኩን ይዟል። በስልኩ የድሮ የፌስቡክ ጽሑፎቹን እየሰረዘ ነው፤ ስለ አገር ቤት የጻፋቸውን ሳይቀር።

«ያንተ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» አልኩት።

«ማን ያውቃል?» አለና ካርዱን ሰጠኝ። ጠየቅኩት። በመጀመሪያው ማሻሻያ ከተሰጡት መብቶች አንዱን ጥቀስ። መልሱ አምስት ነው፤ ንግግር፣ ሃይማኖት፣ መሰብሰብ፣ ፕሬስ፣ ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ። አንዱን ብቻ መናገር ይበቃ ነበር።

«ሃይማኖት» አለኝ።

«ሁልጊዜ እርሱን ነው የምትለው?»

«እርሱ ይሻላል» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።