ምስጋና ለባለ አራት ገጹ ሾርት ኖት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ድሬዳዋ ላይ ሁለት ነገር ይብሳል፤ ሙቀቱና የፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋው። ሰሞኑን ደግሞ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያለ ምሰሶ ሁሉ «እንግሊዝኛ ሙሉ ክለሳ በ3 ቀን» የሚል ወረቀት ለብሷል። የምን ዓመት ሙሉ ንባብ! ስሙን የማንጠራው አስጠኚያችን የሥነ ጽሑፍ ቃላቱን ከሲሚሊ (ተነጻጻሪ ዘይቤ) እስከ አይረኒ (ምጸት) ለቃቅሞ፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር መድቦ፣ በአራት ገጽ ጠርዞልናል። ዕድሜ ይስጠው።

ገጽ 1 እንዲህ ይጀምራል፤ «ሲሚሊ፦ ላይክ ወይም አዝ ያለበት ዓረፍተ ነገር።» በዚህች መስመር ተማሪው ከማሰብ ተገላገለ። «አይ ላይክ ማንጎ»? ሲሚሊ። «ሺ ወርክስ አዝ ኤ ነርስ»? ሲሚሊ፤ ነርሷ ብትሰማ ትደነግጥ ነበር። «ዉድ ዩ ላይክ ቲ?» ያለ የከዚራ አስተናጋጅ ሳያውቀው ገጣሚ ሆነ፤ ደንበኛው «ኖ፣ አይ ዉድ ላይክ ኮልድ ወተር» ሲለው ደግሞ ቅኔ ተቀባበሉ። በዚህ ስሌት ከዩቲዩበሮቻችን የሚበልጥ ባለቅኔ አገሪቱ አላፈራችም፤ «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ» ሳይሉ መቼ ውለው ያውቃሉ? ሁለት መቶ ሺህ ላይክ ያገኘ የሰርግ ቪዲዮ ሁለት መቶ ሺህ ሲሚሊ አለው ማለት ነው። ዲስላይክ የበዛበትስ? እሱ ላይክ ስለተነፈገ ሜታፈር ይሆናል፤ ሾርት ኖቱ «ሜታፈር፦ ላይክ የሌለው ሲሚሊ» ይላልና።

እኛ ምቀኞቹ ግን ሲሚሊ የምንለው ዓይነታቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች በአንድ ባሕርይ ሲመሳሰሉ ነው። ሦስት ነገር ይፈለጋል፤ ምን ተመሰለ፣ በምን ተመሰለ፣ በየትኛው ባሕርይ። ከተራራው የወረደ ጎርፍ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ሲሞላው «ዘ ሪቨር ሮርድ ላይክ ኤ ላየን» ብንል፣ ወንዝ፣ አንበሳ፣ ድምፅ፤ ሦስቱም አሉ። «ዘ ሪቨር ወዝ ኤ ላየን» ካልን ወንዙን ራሱን አንበሳ አድርገነዋልና ሜታፈር፣ «ዘ አንግሪ ሪቨር» ካልን እንደ ሰው አስቆጥተነዋልና ፐርሶኒፊኬሽን። ማንጎው ላይ ግን ላይክ ግሥ ነው፤ ያለው ወዳጅና ተወዳጅ ብቻ። «ሺ ሉክስ ላይክ ኸር ሲስተር» እንኳ ሰው ከሰው ስለሆነ ተራ ንጽጽር ነው።

ገጽ 2 አሊተሬሽንን «በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት» ይለዋል። ጉዳዩ የድምፅ ነው እንጂ! «ሲቲ» እና «ካት» በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፣ በድምፅ አይገናኙም፤ «ፎን» እና «ፋን» በፊደል ይለያያሉ፣ በድምፅ ይገጥማሉ። ምን ይደረግ፣ ጆሮ ፎቶ ኮፒ አይደረግም።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። የዚህ ከተማ ልጅ ቀፊራ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በሶማልኛ ቀልዶ፣ በአማርኛ ሒሳብ ይዘጋል። ማን እንዳጋነነ፣ ማን እንዳሽሟጠጠ ከቃናው ይለያል። አስጠኚዎች ሆይ፣ ይህንን ልጅ ነው አንድ ሙሉ ታሪክ ሳታስነብቡ «ቋንቋ አይገባህም» ብላችሁ ትርጉም የምታስሸመድዱት! ፈተናው ላይ የሚጠብቀው ምንባብ ነው፤ ደራሲው በግልጽ ያላለውን እንዲረዳ ይጠየቃል። የትኛው ገጻችሁ ይህን ያስተምራል? ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር «ጉድ!» አለ። እናንተ ግን ያንኑ ወረቀት ማባዛት ቀጠላችሁ። እፈሩ።

ወደ ምስጋናው እንመለስ፤ የገጽ 3 የሴራ ተራራ፣ ማለትም የታሪክን ሂደት ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚወርድ ተራራ የሚያሳየው ሥዕል ይቀረናል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ በ1863 እ.ኤ.አ. ይህን ቅርጽ ያቀረበው ባለ አምስት ገቢር ተውኔትን ለመተንተን ነበር። በአጭር ልብወለድ ክላይማክሱ (የታሪኩ ጡዘት) ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው ይጠጋል፤ የሚገኘውም ግጭቱ የሚወሰንበትን ቦታ አንብቦ በመፈለግ ነው። አስጠኚያችን ይህን ድካም አስቀርቶልናል፤ ሥዕሉ ላይ ጫፉ መሃል ስለሆነ አንቀጾቹን ቆጥሮ መሃሉን ማክበብ ነው። ሰባት አንቀጽ ከሆነ አራተኛው። ስምንት ቢሆንስ? ለዚህም መላ አለው፤ ክላይማክሱ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ያለው ባዶ መስመር ነው።