«ፀጉር አይደል? ይበቅላል»

ተላጭቶ መጣ! አንበሴ፣ ያ ጎፈሩ ደረቱን አልፎ ይወርድ የነበረው ውሻ፣ ከውሻ ፀጉር አስተካካዮች ቤት ጆሮና ዐይን ብቻ ሆኖ መጣ። አንገቱ ላይ ደግሞ ቀይ ሪባን አስረውለታል፤ ለውርደቱ ማስጌጫ መሆኑ ነው።

«ይታጠብ፣ ይበጠር፣ ጥፍሩ ይከርከም» ነው ያልኩት። ቅጹ ላይ በእጄ ጽፌ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። «ይላጭ» የሚል ቃል ከአፌም ከብዕሬም አልወጣም።

«ይህ የማን ውሻ ነው?» አልኳት መቀበያው ላይ የተቀመጠችውን ልጅ።

«የእርስዎ ነዋ ጋሼ!»

«ማን ላጩ አላችሁ?»

«ካጠብነው በኋላ ፀጉሩ ተቋጥሮ አልበጠር አለን። ደግሞ ሙቀት ነው፣ ቀለል ይለዋል።»

«ስልክ ቁጥሬን የሰጠኋችሁ ለምን ይመስላችኋል?»

«ጋሼ፣ ይህ ምን ያስቆጣል? ፀጉር አይደል? ይበቅላል።» ይህን ብላ ዐይኗ ቀስ እያለ ወደ በራዬ ወጣ። እዚያው ትንሽ ቆየ። «ማለቴ... የውሻ ፀጉር» አለች።

ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ያቀፈቻት ውሻ ሳትቀር የሳቀችብኝ መሰለኝ። ሒሳቡንም አንድ ሳይጎድል ተቀበሉኝ።

«ካጠብነው በኋላ» ትላለች እኮ! ከማጠብ በፊት ነው የሚበጠረው፣ በደረቁ! የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃል። ማበጠሪያ ከያዝኩ ዓመታት ያለፉኝ እኔ ይህንን አውቃለሁ፤ በዚህ ሥራ እንጀራ የሚበሉት አያውቁም።

«ቀለል ይለዋል» የምትለዋ ደግሞ የባሰች ናት። ውሻ እንደ እኛ በመላ ገላው አልቦ አይቀዘቅዝለትም፤ ሙቀቱን በዋናነት የሚያወጣው እያለከለከ ነው። የአንበሴ ዓይነቱ ፀጉር ድርብ ነው። ከሥር ያለው ለስላሳው ሲረግፍ በማበጠሪያ ይወጣል፤ ሻካራው የላይኛው ግን ከፀሐይ ስለሚከልለው ይተዋል። እነዚህ እንደ በግ ሸልተውት አረፉ! እንዲህ የተላጨ ፀጉር ሲመለስም ተዥጎርጉሮ ሊመለስ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ይበቅላል አለችኝ እንግዲህ።

ሆዱ ሥር የመከርከሚያው ምላጭ ግሎ የለበለበው ቀይ መስመር አለ። ሲልሰው አመሸ። «ተው» ስለው ቀና ብሎ ያየኝና ይቀጥላል።

ከዚህ በፊት የነበሩትማ ጥፍሩን እስከ ደም ሥሩ ቆርጠው ሲያደሙት «ጥፍሩ ጥቁር ስለሆነ ነው» ብለው ጥፋቱን በውሻው አሳበቡ። ደም ሥሩ ካልታየ በትንሽ በትንሹ ይቆረጣላ! ከእነሱ በፊት የነበሩት ጆሮውን ውሃ ሞልተው ሳያደርቁ ሰደዱት፤ ቆሰለ፣ ጠብታውን ስጨምር የኖርኩት እኔ ነኝ። ሽቶውንስ ምን አመጣው? ዓለምን በአፍንጫው የሚያውቅን እንስሳ በሽቶ አጥምቆ መስደድ ምን የሚሉት ደግነት ነው?

የሚስቴ ወንድም ደግሞ ምክር አያልቅበትም። «ቤት ውስጥ በራስህ ሻምፖ እጠበው» ይለኛል። የሰው ሻምፖ ለሰው ቆዳ የተሠራ ነው፤ የውሻን ቆዳ ያደርቃል፣ ያሳክካል። ደግሞስ እኔ ሻምፖ ከየት አመጣለሁ?

ይህንን እየጻፍኩ መልእክት ገባልኝ፤ ከእነሱው ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ የአንበሴ ቀጣይ የፀጉር መከርከሚያ ቀጠሮ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።»

ምኑን ሊከረክሙት?