ፎቶዎቻችንን ወደ ግድግዳው መልሱ

የሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ግድግዳ ባዶ ሆኗል። የቀሩት ሚስማሮች ብቻ ናቸው። ትናንት ቆጠርኳቸው፤ 26 ናቸው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ በእያንዳንዱ ሚስማር ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር።

ፎቶዎቹን ያነሳናቸው እኛው ሠራተኞቹ ነን። ከሒሳብ ክፍል፣ ከመዝገብ ቤት፣ ከግዢ፣ ከአይቲ ተሰባስበን በምሳ ሰዓት ያነሳናቸው፣ ከኪሳችን አውጥተን ያሳተምናቸው ናቸው። አሁን ሰርኩላር ወጣ። ሦስት መስመር ነው። ፎቶዎቹ ከኮሪደሩ ይነሱ ይላል። ከእንግዲህ ያለ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል የጽሑፍ ፈቃድ በሕንፃው ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ይላል። በምሳ ሰዓት «የፎቶ ቡድን» እያሉ መሰባሰብም ይቁም ይላል። ምክንያት አልተጻፈበትም። ምክንያቱን የሰማነው በማግስቱ በተጠራው ስብሰባ ነው። አንድ ኃላፊ ተነስተው «ካሜራ የያዘ እጅ ሥራ አይሠራም» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እስቲ እዚችው አባባል ላይ እንቁም። በቢሮ መብራት ብዙዎቻችን የምናነሳው በሃምሳኛ ሴኮንድ ነው። ሹተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ተከፍቶ የሚቆየው ለአንድ ሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ብቻ ነው ማለት ነው። 26ቱን ፎቶዎች ደምሯቸው። ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይመጣል። ያ ሙሉ ግድግዳ የበላው የሹተር ጊዜ ይኸው ነው። «ብርሃን መጠበቁስ? ቦታ መምረጡስ?» የሚል ካለ፣ እሱ ያለፈው በምሳ ሰዓታችን ነው። የምሳ ሰዓት ደግሞ የሠራተኛው ነው። ስለ ፎቶዎቹ የተጠራው ስብሰባ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀ፤ ያውም በሥራ ሰዓት፣ 60 ያህል ሰው ተቀምጦ። 120 የሥራ ሰዓት ነው። የሥራ ጊዜ ማን እንዳባከነ ቁጥሩ ይናገር።

ከሁሉ ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው። ካሜራና የቢሮ ሥራ ባላንጣ ናቸው ተብሎ መታሰቡ ነው። ለመሆኑ ካሜራን እዚህ ያደረሰው ማነው? ታሪኩን ገልጦ ያየ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው ወንበሩ ላይ ሲሠራ የሚውል የቢሮ ሠራተኛን ነው።

ኢፖሊት ባያር የፈረንሳይ ገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበር። ቀን ቀን የመንግሥት ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው። በትርፍ ጊዜው ግን ምስልን በቀጥታ ወረቀት ላይ የሚያስቀር የራሱን ዘዴ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በጁን 1839 ሠላሳ ፎቶዎቹን ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ አሳየ። የፎቶግራፍ ፈጣሪ ተብሎ የሚታወቀው የሉዊ ዳጌር ዘዴ ምስጢር ለዓለም ይፋ የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በኦገስት ነው። ሆኖም ዝናውም የመንግሥት ጡረታውም የዳጌር ሆነ። ባያር ተናደደ። በ1840 ራሱን ውሃ ውስጥ ሰምጦ እንደሞተ ሰው አድርጎ ፎቶ አነሳ። ከጀርባውም ቅሬታውን ጻፈበት። ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ ጠረጴዛው ነው። ያ ሰው የሥራ ጠረጴዛ ነበረው። አለቃ ነበረው። የዛሬው ሰርኩላር ያኔ ቢደርሰው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ጆርጅ ኢስትማንን ውሰዱ። የባንክ ጸሐፊ ነበር። በ1877 ካሜራ ገዛ። ዕቃው ከብዶ አስመረረው። ኬሚካል የተቀባ እርጥብ መስታወት፣ ድንኳን፣ ጠርሙስ ሙሉ ኬሚካል፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ፎቶ ነው። ስለዚህ ቀን ባንክ እየዋለ ማታ ማታ በእናቱ ማድቤት መስታወቱ ደርቆም እንዲሠራ የሚያደርግ ኬሚካል ሲቀምም ያመሽ ጀመር። ባንኩን የለቀቀው በ1881 ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ መቶ ፎቶ የሚይዝ የፊልም ጥቅል የተሞላባትን ኮዳክ የተባለች ካሜራ አወጣ። ሙያተኛ ያልሆነ ሰው፣ ማንም ሰው፣ ፎቶ ማንሳት የቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ያ እጅ ቀን የባንክ መዝገብ ይጽፋል፣ ማታ የፎቶ ኬሚካል ይቀምማል። አንድ እጅ ነው።

ኦስካር ባርናክ ደግሞ አለ። ጀርመን ውስጥ በሌይትስ ኩባንያ ተቀጣሪ ነበር። ኩባንያው የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ነው። ባርናክ አስም ነበረበት። ፎቶ ማንሳት ይወዳል፤ የዘመኑን ትልልቅ ካሜራ ተሸክሞ መሄድ ግን አልቻለም። ስለዚህ በሲኒማ ፊልም የምትሠራ፣ ኪስ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ሠራ። የመጀመሪያዋ ሞዴል በ1914 ደርሳ ነበር። ጦርነት መጣና ነገሩ ዘገየ። በ1925 ላይካ ተብላ ገበያ ወጣች። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነው የፊልሟ መጠን እስከ ዛሬ «ፉል ፍሬም» የምንለው ነው። ሌይትስም ማይክሮስኮፕ ሠሪ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በካሜራ ዓለም ያወቀው ሆነ። ይህን ያመጣለት ፎቶ የሚወድ አንድ ተቀጣሪ ነው። አለቃው ኤርንስት ሌይትስ «ካሜራ የያዘ እጅ ሥራ አይሠራም» አላለውም። ኪሳራውን በራሱ ላይ ወስዶ እንዲመረት ወሰነ።

የሚከለክል አለቃ ምን እንደሚያተርፍ ማየት የሚፈልግም ኢስትማን ወደመሠረተው ወደ ኮዳክ ኩባንያ ይመለስ። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሰን የሚባል ወጣት መሐንዲስ እዚያው ኩባንያ ውስጥ፣ ብዙ ትኩረት ባልተሰጠው የጎን ሥራ፣ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አንድ ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ሳሰን ራሱ እንደተናገረው፣ ኃላፊዎቹ ሰው ፎቶውን በቴሌቪዥን ለማየት ለምን ይፈልጋል ብለው ጠየቁት። በአንድ የባንክ ጸሐፊ የማታ ሥራ የተመሠረተው ኩባንያ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ለውድቀቱ ሌላም ምክንያት እንደሚጠቀስለት አውቃለሁ። ለእኔ ግን ዋናው ይኸው ነው፤ የገዛ ሠራተኛው በእጁ የያዘውን ነገር ማየት አልቻለም።

«እነሱ ሊቆች ናቸው፤ እናንተ ግን የሒሳብና የመዝገብ ሠራተኞች ናችሁ» የሚለኝ ይኖራል። ባያርስ ምን ነበር? ኢስትማንስ? በጊዜው አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ያየው አንድ ጸሐፊ ነው። ደግሞ ሊቅ የማይሆን ሰው ፎቶ አያንሳ ያለው ማነው? ማታ የሚዘፍን ሰው ዘፋኝ ካልሆንክ አፍህን ዝጋ ይባላል?

ቢሮ ውስጥ ያልዋለ ሰው የማይገባው ነገር አለ። የእኛ ሥራ ስም የለውም። በዓመት የምጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሚወጡት በሌላ ሰው ፊርማ ነው። ሪፖርቱ የክፍሉ ነው፣ ዕቅዱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ሠንጠረዡን ማን እንደሠራው የሚያስታውስ የለም። እንደዚያ መሆኑ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የቢሮ ሥራ ባሕርይው ነው። ሰው ግን እንደዚያ ብቻ ሆኖ አይኖርም። መተንፈሻ ያስፈልገዋል። አንዱ ቤቱ ሄዶ ይጽፋል፣ አንዱ ይስላል። ለእነዚያ ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። ፎቶ ግን እዚያው፣ ወንበርህ አጠገብ ይሆናል። ከኪስህ ታወጣለህ፣ ታያለህ፣ ታነሳለህ፣ ትመለሳለህ።

የመዝገብ ቤቷ ባልደረባችን በዚህ መሥሪያ ቤት 22 ዓመት ሠርተዋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቷቸው የፋይል መደርደሪያ ነው። በምሳ ሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ መጋረጃ ሽንቁር ገብታ በማህደሮቹ ጀርባ ላይ ቀጭን መስመር ታሰምራለች። የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ያን መስመር ጠብቀው ነው ያነሱት። ስንት ጊዜ ያን መደርደሪያ አልፌዋለሁ! አንድም ቀን አላየሁትም። ከፎቶው ስር በትንሽ ወረቀት ስማቸውን ጽፈን ለጠፍንበት። መጡና ቆመው አዩት። «ልጄ፣ ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ሌላ እዚህ ቤት ስሜ ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ። ሰርኩላሩ ያወረደው ይህንን ነው። ወረቀትና ፍሬም ብቻ አላወረደም።

የራሴንም ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ ሁሉ ጥቁር ጥቁር መስመር ይወጣብኝ ነበር። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ተናደድኩ። የአይቲው ልጅ ነው ያስረዳኝ። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን አያየውም፣ ፈጣን ሹተር ግን ይይዘዋል። ሹተሩን ወደ መቶኛ ወይም ወደ ሃምሳኛ ሴኮንድ ስታወርደው መስመሩ ይጠፋል። ሞከርኩት፣ ጠፋ። አሥር ዓመት ከሥሩ የተቀመጥኩበት መብራት እንደሚርገበገብ ያወቅኩት በካሜራ ነው! ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮዬ ሌላ ቢሮ ሆነብኝ። ጠዋት የሚገባውን ብርሃንና የከሰዓቱን ለይቼ አውቃለሁ። የሥራ ባልደረቦቼን እጅ አውቃለሁ። ማን ስልክ ሲያወራ እስክሪብቶ እንደሚያሽከረክር፣ ማን ከመፈረሙ በፊት ብዕሩን አየር ላይ እንደሚያቆም አውቃለሁ። ለሰንጠረዥም ዓይኔ ተከፍቷል። ያልተስተካከለ ቁጥር ቶሎ ይታየኛል። ይህን በጥናት ማረጋገጥ አልችልም፤ በራሴ ግን አይቼዋለሁ፣ አይደለም ብሎ ማንም አያሳምነኝም።

ጥናት ካነሳን፣ በስብሰባው ላይ አንዱ «ፎቶ ማንሳት የማስታወስ ችሎታን እንደሚያዳክም በሳይንስ ተረጋግጧል» ብሏል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋን የሊንዳ ሄንከልን ሥራ ማለቱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ነው። የሙዚየም ዕቃዎችን ፎቶ እያነሱ ያለፉ ሰዎች፣ ዝም ብለው ካዩት ያነሰ አስታውሰዋል። እውነት ነው። የዚያው ጥናት ሌላ ግማሽ ግን አልተነገረንም። አንድን የዕቃውን ክፍል አቅርበው ያነሱ ሰዎች ማስታወሳቸው አልቀነሰም። ቀረብ ብሎ፣ ልብ ብሎ ማንሳት ማለት ነው። የእኛ ግድግዳ ያ አልነበረም እንዴ? ከላንካስተርና ከሼፊልድ ዩኒቨርሲቲዎች የሆኑ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ በየቀኑ አንድ ፎቶ የሚያነሱ ጥቂት ሰዎችን ተከታትለው፣ ልማዱ ራስን ለመንከባከብና ከሰው ጋር ለመገናኘት እንደጠቀማቸው ጽፈዋል። ግማሽ ጥናት ይዞ ሠራተኛ ማስፈራራት ነውር ነው።

«ፎቶ ከተፈለገ ሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ አለው» የሚለው መልስም ተሰጥቶናል። ባለሙያውን አከብረዋለሁ፣ ጎበዝ ነው። የሚታዘዘው ግን ምን እንዲያነሳ ነው? እጅ ለእጅ መጨባበጥ። ሪባን መቁረጥ። መድረክ ላይ የተደረደሩ ወንበሮች። በዓመታዊው መጽሔታችን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው አንድም ፎቶ የለም። ማመን ያቃተው መጽሔቱን ይግለጥ። በዚህ ቤት ውስጥ ሥራ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ብቸኛ ቦታ ያ ኮሪደር ነበር፤ እሱን አወረዱት።

ምስጢር የሚባለው ጉዳይ እውነት አለው። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ሰነድ፣ የተከፈተ ስክሪን፣ የባለጉዳይ ፊት በፎቶ መውጣት የለበትም። ያልፈቀደ ሰውም አይነሳ። እኛም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደንብ አድርገን ይዘነው ነበር። ደንቡን አጽፉልን፣ እንፈርማለን። ለዚህ ግን ሙሉ ክልከላ አያስፈልግም። ምስጢር በስልክም ይወጣል፣ በኢሜይልም ይወጣል፤ እነሱን ያገደ የለም።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ሰርኩላሩ ይሻር። የምሳ ሰዓታችን ለእኛ ይተው። 26ቱ ፎቶዎች ከነስም ወረቀታቸው ወደየሚስማራቸው ይመለሱ። ያንን ንግግር የተናገሩት ኃላፊም አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት ይምጡ፣ መደርደሪያው ፊት ይቁሙ፣ ያ ብርሃን ሲገባ በዓይናቸው ይዩት። ካሜራ መያዝ አይጠበቅባቸውም።

ፎቶዎቹ አሁን የት እንዳሉ ጠይቄ ነበር። ታሽገው መዝገብ ቤት እንዲቀመጡ ታዟል። የተረከቧቸው እኚያው 22 ዓመት የሠሩት ባልደረባችን ናቸው። እያንዳንዱን ፎቶ በየፖስታው ከተው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በየፖስታው ላይ ያነሳውን ሰው ሙሉ ስም ጽፈውበታል። የታዘዙት ማሸግ ብቻ ነበር።