የአቋቋም ሊቃውንት ከተማ

አዲስ አበባ የምትታማበት ነገር ብዙ ነው፤ ውኃዋ፣ መብራቷ፣ የታክሲ ሰልፏ። የምትመሰገንበት ሲፈለግ ግን ሁሉም ቡናዋንና አየሯን ጠቅሶ ያልፋል። ነዋሪዋ ካሜራ ፊት ሲቆም የሚያሳየውን ችሎታ በወጉ ያመሰገነ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ይህ ግፍ ነው። ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የወረደ፣ ከዚያም ወደ መስቀል አደባባይ የታጠፈ ሰው በአንድ ምሽት የሚያየው የአቋቋም ዓይነት ሌላ አገር በአንድ ትውልድ አይታይም። የጎንደር በዓታ ደቀ መዛሙርት የማኅሌቱን አቋቋም ተምረው ለማስመስከር ዓመታት ይፈጅባቸዋል። የእኛ ሰው ስልክ በገዛ ማግሥት አስመስክሯል።

አባቶቻችን ለዚህ አልታደሉም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ልጆቹ ደግሞ እስከ አጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ያነሧቸውን ፎቶዎች ማየት ይበቃል። መኳንንቱ ካባቸውን ደርበው፣ ጎራዴያቸውን ታጥቀው፣ ካሜራውን ያልተከፈለ ግብር ሊጠይቅ እንደመጣ ጭቃ ሹም ያፈጡበታል። ጥርስ የሚባል ነገር አይታይም። ተራው ሰውም ያው ነው፤ አባት ወንበር ላይ፣ እናት ከጎን ቆማ እጇን መደገፊያው ላይ ጣል አድርጋ፣ ልጆች በቁመት ተራ። አንገቱን ያጋደለ የለም፤ ወገቡን የያዘ የለም፤ እግሩን አነባብሮ ግድግዳ የተደገፈም የለም። ዓድዋ ላይ መድፍ ያልፈራ ትውልድ አንድ ካሜራ ፊት እንዲህ ይደርቅ?

ሐሜት እንዳይሆንብኝ ምክንያታቸውንም ልናገር። የጥንቱ ካሜራ ብርሃን ለመቀበል ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ፈረንሳዊው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ከመስኮት ሆኖ አንድ የፓሪስ ጎዳና ሲያነሣ ሰረገላውም እግረኛውም ይተራመስ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን መንገዱ ባዶ ነው። ጎልተው የቀሩት ጫማውን የሚያስጠርግ አንድ ሰውና ጠራጊው ናቸው፤ ለደቂቃዎች ከአንድ ቦታ ስላልተነቃነቁ። እንግዲህ በፎቶ ታሪክ መጀመሪያ ከታዩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሊስትሮ ነው ማለት ነው። የብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ሊስትሮዎች ይህን ቢሰሙ ዋጋ መጨመራቸው አይቀርም። ሰውየው ግን መነሣቱን እንኳ አላወቀም ይባላል። አስቡት፤ ፎቶ ተነሥቶ ሳያውቅ ወደ ቤቱ የገባ ሰው! እንዲህ ያለ ብክነት በእኛ ከተማ አይታሰብም።

ወደ ጥበቡ የተጠጋነው በስቱዲዮ ዘመን ነው። የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ከኋላ ፏፏቴና ዘንባባ የተሳለበት ሸራ ሰቅለው፣ ከፊት የላስቲክ አበባ አስቀምጠው፣ ከጎን ደግሞ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ስልክ አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ደንበኛው አፍሮውን አበጥሮ፣ የእጅ ሰዓቱ እንዲታይ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ፣ መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ ይደግናል። ማንን ነው የሚያነጋግረው? እኛን ነዋ! ዛሬ ከማኪያቶው አጠገብ የመኪና ቁልፍ ዓርማውን ወደ ላይ አድርጎ የሚያስቀምጠው ወጣት የዚያ ሰውዬ ቀጥተኛ ወራሽ ነው። መኪናው የማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው፤ ስልኩስ የማን ነበር? ቁልፍ ያላገኘ ደግሞ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ይደገፋል። ባለቤቱ ድንገት ሲመጣ «ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ብቻ» ይባላል። ጋሼም የዋዛ አይደሉም፤ ኮታቸውን ቆልፈው ከጎን ይገባሉ።

ለእንስሳትም የሚገባቸውን ክብር እንስጥ። ጊዮርጊስ ጋ ያለው የአጼ ምኒልክ ፈረስ የፊት እግሮቹን ያነሣው በ1923 ዓ.ም. በአጼ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ሰሞን ነው፤ እስካሁን አላወረደም። ጣሊያን ነቅሎ በሰወረው ጊዜም በተደበቀበት ሆኖ እግሩን እንዳነሣ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ከነፃነት በኋላ ሲመለስ አቋቋሙ ዝንፍ አላለም። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ ሮም ድረስ ተግዞ፣ ለብዙ ዓመታት በባዕድ አገር ቆሞ፣ ዘውዱን እንደደፋ ነው የመጣው። የእነዚህን ጽናት ያየ ሰው የበዓል በግን ሲመለከት ማፈሩ አይቀርም። አባወራው ቀንዱን ይዞ ፈገግ ብሏል፣ ልጆቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ የቤቱ እመቤት ከመጋረጃው ፊት ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች። በጉ ብቻ ጀርባውን ይሰጣል። «አዙረው፣ ፊቱ ይታይ» ይባላል፤ ይዞራል፤ ተመልሶ ይዞራል። ነገ የሚሆነውን ቢጠረጥር እንኳ ለቤተሰቡ አልበም ሲል አንዴ ቀና ማለት ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ዋናው የጥበብ ማዕከል እንምጣ። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ያስተናግዳል። ጠዋት ደረጃውን ሯጮች ይወጡታል ይወርዱታል። ማታ የሚመጣው ከሯጮቹ ይበልጥ ይደክማል። አንዲት ልጅ ፀጉሯን ወደ ኋላ በትና፣ ካሜራ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ሳትሰማ፣ ወደ ስቴዲየም አቅጣጫ እያየች ስትስቅ ትመጣለች። የሚያስቅ ነገር የለም፤ በዚያ በኩል ያለው የቆመ አውቶቡስ ነው። «እንዳላየሽኝ ሁኚ» ትላታለች ተንበርክካ የምታነሣት ጓደኛዋ። ትመለሳለች። እንደገና ሳታያት ትመጣለች፤ አውቶቡሱ እንደገና ያስቃታል። የዳጌር ሰውዬ በድንቁርና ያገኘውን እሷ በትጋት ደረሰችበት፤ ሳያውቁ መነሣት አሁን ከፍተኛው ማዕረግ ነው፤ ዝም ብሎ ካሜራ የሚያየው ጀማሪ ብቻ ነው።

ጸሎት ተረስቷል ብላችሁም አትስጉ። በጥምቀት ወይም በደመራ ዕለት የጥበብ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጧፍ ለኩሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ሰማይ የሰጠች እኅት ማየት ያጽናናል። ተመስጦዋ እንዳይረበሽ ሰው ዞር ብሎ ያልፋል። ጥቂት ቆይታ አንድ ዓይኗን ትገልጣለች።

«ወጣ?»

«ትንሽ ጨልሟል።»

ትጨፍናለች። ሰማይ ቤት ያለው ሰሚ ታጋሽ ነው።

ጥር ሲገባ ደግሞ የሚዜዎች ወቅት ነው። ሙሽሪት ቬሎዋ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ፣ ሙሽራው ኮቱን በአንድ ጣት ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ሚዜዎቹ በረድፍ ይቆማሉ። «ሦስት!» ሲባል ይዘላሉ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ሁልጊዜ ሌሎቹ መሬት ከነኩ በኋላ ይዘላል፤ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሙሽራው ታላቅ ወንድም ነው፤ ቦርጭ አለው፤ ለእርሱ ሲባል ሁሉም እንደገና ይዘላሉ።

ጉርሻ ላይ ስደርስ ግን እጅ እነሣለሁ። ጥንት አጉራሽ ያጎርሳል፣ ጎራሽ ይጎርሳል፣ ነገሩ አለቀ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛ ይጨመር ነበር። ዛሬ አንዱም ቢሆን በቀላሉ አያልቅም። ሙሽራው ከዶሮው ጠቅልሎ እጁን ወደ ሙሽሪት አፍ አቅርቦ አየር ላይ ያቆመዋል። ሙሽሪት አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ፎቶ አንሺው መብራቱ አልተመቸውም፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይሄዳል፤ አጎትየውን «ዝቅ ይበሉልኝ» ይላል። በዚህ መሐል ወጡ ሥራውን አላቆመም፤ ቀዩ ዘይት ከሙሽራው ጣቶች ወደ አንጓው ወርዶ የነጩን ሸሚዝ እጅጌ አግኝቷል። «ፈገግ በሉ!» ይላል ፎቶ አንሺው። አፍን በልኩ ከፍቶ ፈገግ ማለት የሰው ልጅ ያልተፈጠረበት ሥራ ነው፤ ሙሽሪት ግን ታደርገዋለች። መቼም የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ስድስት ጊዜ ተነሥቶ «አምሯል!» ከተባለ በኋላ ሙሽራው እፎይ ብሎ እጁን አወረደ፤ ጉርሻውንም ወደ ትሪው መለሰው። ሙሽሪት አፏን ገጠመች። ማንም ምንም አላለም፤ ፎቶው ላይ በልታለችና።

ይህን ሁሉ ችሎታ የማያከብር አንድ ተቋም ቢኖር ማመልከቻ ተቀባይ ቢሮ ነው። አሁንም ጉርድ ፎቶ ይላል፤ ፊት ለፊት፣ ሁለት ጆሮ የሚታይበት፣ ያልሳቀ። የመኳንንቱን አቀማመጥ ሳይሸራርፍ ያቆየ እርሱ ብቻ ነው።

ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የሚለው ትእዛዝ የተጻፈው ግራ እጅ ሥራ ባልነበራት ዘመን ነው። አሁን ግራ ካላወቀች ስልኩን ማን ይይዘዋል? የመሥሪያ ቤት ልግስና ሲሆን ደግሞ ፎቶ አንሺ ይመደብለታል፤ ያኔ ሁለቱም እጆች ነፃ ይሆናሉና ጥበቡ ከፍ ይላል። ክረምት ላይ አንዲት ችግኝ ዘጠኝ እጅ ያርፍባታል፤ አንድ አካፋ አራት ኃላፊ ይይዘዋል። ችግኟን በኋላ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ፎቶ የለውም፤ ስለዚህ መኖሩን በማስረጃ ማረጋገጥ አልተቻለም። የዚህ ሁሉ ቁንጮ ግን የበዓል ዋዜማ ማዕድ ማጋራት ነው። ከኋላ ባነር፣ ከፊት የዱቄትና የዘይት ክምር፣ በጎን ወንበር ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጡ አቅመ ደካሞች። ሰጪው ባለ 5 ሊትሩን ዘይት በአንድ ወገን ይይዛል፣ ተቀባይዋ በሌላው ወገን፤ ሁለቱም አይተያዩም፤ ዓይናቸው ካሜራው ላይ ነው። ዘይቱ በዚያች ቅጽበት የማንም አይደለም። አልተሰጠም፣ አልተነፈገም፤ ተንጠልጥሏል። ብልጭታው ካልበራ በቀር ሰጪው መያዣውን አይለቅም፤ ተቀባይዋም ይህን አውቃ አትጎትትም። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ብዙ ኃላፊዎች ሲመጡ ያው ዘይት ለያው ሰው ደጋግሞ ይሰጣል፤ አንዱ ሊትር በብዙ እጅ ይባረካል።

ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ አዳራሽ በቅርቡ የታየው ስሕተት ግን የዘርፉን ጀማሪዎች ችግር ያሳያል። አዲስ የተሾመ ወጣት ኃላፊ ተራው ደርሶ ወደ አንዲት አዛውንት ቀረበ። ካሜራው ሳይዘጋጅ፣ ባነሩ ሳይስተካከል፣ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይናቸውን እያየ «እማማ፣ እንኳን አደረስዎ» አለና ዘይቱን በሁለት እጁ ሰጥቷቸው ለቀቀው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ፎቶ አንሺው ራሱን ያዘ።

ነገሩን ያዳኑት አዛውንቷ ናቸው።

«ልጄ፣ ገና አልተነሣንም፤ መልሰህ ያዘው» አሉት። ያዘው። «ወደ እኔ አትይ፤ እዚያ፣ ወደ ልጁ እይ። ዘይቱን ደግሞ አዙረው፣ የለጠፋችሁበት የመሥሪያ ቤታችሁ ስም በእኔ በኩል ቀርቷል።» ኃላፊው እንደታዘዘው አዞረው። አዛውንቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ጀርባቸውን ቀና አድርገው ወደ ፎቶ አንሺው ዞሩ።

«የእናንተስ የትኛው ነው? ባለፈው የመጡት እንባ ካለ ብለውኝ ነበር።»

«ፈገግታ ይበቃናል፣ እማማ» አለ ፎቶ አንሺው።

«በሉ ፈጠን በሉ እንግዲህ» አሉ ፈገግታቸውን ሳያፈርሱ፤ «በስምንት ሰዓት ሌላ መሥሪያ ቤት ይጠብቀኛል።»