ሱሪ በሶሪ

ክረምት ላይ የደሴን ፒያሳ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ይፍረደኝ። ባለፈው አንድ ባጃጅ የጉድጓዱን ውሃ አንስቶ ሱሪዬ ላይ ደፋው። ልጁ ግን ጨዋ ነው። ሳይቆም፣ ሳይዞር፣ እጁን በጎን አውጥቶ «ሶሪ ፋዘር!» አለኝ። ሱሪዬን ወስዶ ሶሪ ሰጠኝ። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ጉዳይ ነው፤ ምን ያጨቃጭቃል?

ይቺ ቃል ትባረክ። እኛ ወሎዎች ድሮ «አፉ በለኝ» ስንል ጣጣው ብዙ ነበር። መቆም አለ። ፊት ማየት አለ። ይባስ ብሎ ተበዳዩ «አፉ ብያለሁ» እስኪል መጠበቅ አለ። ካላለስ? ሽማግሌ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱአ ይደረጋል። ደም ካለበትማ ደም አድራቂዎቹ ሽማግሌዎች፣ አባጋሮች፣ ካልገቡበት አይበርድም። ሶሪ ይህን ሁሉ በሁለት ፊደል ገላገለችን። መልስ አትጠብቅም። መልስ ልስጥ ብለህ አፍህን ስትከፍት ባለቤቱ ሸዋ በር ደርሷል።

ትውልዷም የዋዛ አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ነበረች፤ ከቁስልና ከሕመም የወጣች ቃል። ያኔ «ሳሪግ» የሚባለው ውስጡ ያመመው ሰው ነበር። ደሴ ስትደርስ ሥራ ተከፋፈልንላት፦ የሚያመው የተረገጠው ነው፣ ሶሪ የሚለው የረገጠው።

ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ የምትባል ግዛት በፈረንጆቹ 2009 ሕግ አውጥታለች። ሰው ይቅርታ ስለጠየቀ ብቻ ጥፋቱን አምኗል ተብሎ በፍትሐ ብሔር ክስ ማስረጃ አይቀርብበትም። ምስኪኖች! ለዚህ ምክር ቤት ሰበሰቡ። እኛ ያለ አንዳች አዋጅ ነው የደረስንበት። ሶሪ ብሎ ጥፋቱን ያመነ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም።

ጥቅሟ ደግሞ! ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ሶሪ፣ ጠጋ ጠጋ» ካለ፣ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አምስተኛ ሰው ሊጭንብህ ነው። ቢሮ ገብተህ «ሶሪ፣ ሲስተም የለም» ከተባልክ፣ ወረቀትህን ሰብስብና ነገ ና ማለት ነው። ስልክ ላይ «ሶሪ?» ካለህ አልሰማህም። ይቺን እንኳ ፈረንጆቹም ይሏታል።

ለቅሶ ላይም ይሏታል። አንድ ዘመዳችን ይህን ተምሮ ከአዲስ አበባ መጣ። ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። የገባው ሁሉ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» ይላል። የኛ ልጅ ጎንበስ አለና እጃቸውን ይዞ፣ በጣም አዝኖ፣ «ሶሪ» አላቸው።

ሽማግሌው እጁን ሳይለቁ ትክ ብለው አዩት።

«አብሽር ልጄ» አሉት። «አንተ ምን አረግካት? በሕመሟ ነው የሞተች።»