ያመሰገናችሁትን ወታደር ሥራ ቦታ አትሽሹት

ወገኖቼ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰን ሰው በአደባባይ በማመስገን ማንም አይቀድመንም። ቆመን እናጨበጭባለን፣ «ባለውለታችን» እንላለን። ያው ሰው የደንብ ልብሱን አውልቆ ሥራ ሊጠይቅ ሲመጣ ግን ፊታችን ይለወጣል። በሠራዊት ስንት ዓመት እንዳገለገለ ማመልከቻው ላይ እናነብና «ጤናው እንዴት ይሆን? አንድ ቀን ተነስቶበት ሰው ቢጎዳስ?» እንባባላለን። ይህ ነውር ነው። ነውርነቱን ሳላለሳልስ ልነግራችሁ ነው የጻፍኩት።

እስቲ ፍርሃታችሁን አብረን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 70 በመቶ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ በሕይወቱ አሰቃቂ ነገር ይገጥመዋል፤ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ የሚይዘው ግን ጥቂቱን ነው። ጦርነትና ግጭት ባለፈባቸው ሰዎች ላይ ቁጥሩ ወደ 15 በመቶ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ነው፤ ቀላል ነው አልልም። ቢሆንም አብዛኛው አልታመመም፣ እናንተ ግን ሁሉንም በጅምላ ትጠረጥራላችሁ። የታመመውም ቢሆን ትግሉ ከራሱ ጋር ነው፤ ሌሊት ቅዠት ያባንነዋል፣ ቀን ድንገተኛ ድምፅ ያስደነብረዋል፣ ያንን ጊዜ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል። እንዲህ ሆኖም በሰዓቱ ገብቶ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል።

ይህ አፈራረድ ዛሬ አልተጀመረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፍ ድብደባ ብዛት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ አንደበታቸው የተዘጋ ወታደሮች ነበሩ። ቻርልስ ማየርስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 በሕክምና መጽሔት ላይ ስለ እነዚህ ሰዎች ጻፈ፤ ብዙ አዛዦች ግን ፈሪነት ነው ብለው ደመደሙ። በዚያ ጦርነት በመክዳት፣ በፈሪነትና በመሳሰለው ተከሰው በብሪታንያ ጦር የተረሸኑ 306 ወታደሮች ይቅርታ የተደረገላቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ሕመሙን ዛሬ በሚጠራበት ስም በአእምሮ ሕመሞች መዝገቡ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እኛ የምንረሽነው ሰው የለም። ግን «ነካ ያደርገዋል» የምትል አንዲት ሹክሹክታ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር የሰውን እንጀራ እንደምትዘጋ ጠፍቷችሁ ነው?

ከሠራዊት የመጣ አንድ የማውቀው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ጠረጴዛው ጀርባውን ለበር የሚያሰጥ ነው። ከኋላው ሰው በገባ ቁጥር ዞር ይላል፤ ዞር ባለ ቁጥር የሚደምረው ቁጥር ይጠፋበትና ከላይ ይጀምራል። ጠረጴዛውን አዙሮ ግድግዳውን እንዲደገፍ ጠየቀ። አለቃው «ለአንተ ብቻ የተለየ አሠራር የለም» አለው። ምክንያቱን አላስረዳም፤ ቢያስረዳ ምን ተብሎ እንደሚወራበት ያውቃል። ስህተቱ በዛ፣ ለቸልተኝነት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት፣ በመጨረሻ ራሱ ለቀቀ። አንድ ጠረጴዛ ማዞር ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?

አለቆች ሆይ፣ የሚጠየቀው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህል ትንሽ ነው። ጸጥ ያለ ጥግ፣ ሐኪሙ ጋ የሚሄድበት ሰዓት፣ የእሳት አደጋ ልምምድ ከመደረጉ በፊት የምትነገር አንዲት ቃል፣ ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ሰው ፈረቃ መቀየር። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ረጅም ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። ስለዚህ ውለታ እየዋላችሁ እንዳይመስላችሁ። ሒሳብ ካልተሠራ ልባችሁ የማይከፈት ካላችሁም፣ በድባቴና በጭንቀት ብቻ ዓለም በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደምታጣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ተናግረዋል።

የሥራ ባልደረቦችም ከወቀሳ አታመልጡም። «ስንት ሰው ገደልክ?» ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? በዕረፍት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እየተሳቀ! ይህን የምትጠይቁት ሰው ጓደኛውን ክንዱ ላይ አጥቶ ይሆናል። ያደረገው ወይም ማድረግ ሲገባው ያላደረገው አንድ ነገር ሌሊት ሌሊት ይወቅሰው ይሆናል፤ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች የኅሊና ቁስል የሚሉት ይህንን ነው፣ ከፍርሃትም የተለየ ሕመም ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ «አንቺም ተዋግተሻል?» እየተባለች ያሳለፈችውን ሁሉ በማስረጃ እንድታረጋግጥ ትገደዳለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላው ስትጠሩት የማይመልሰውን ሰው «ኩራተኛ ነው» አትበሉ። ፍንዳታ ጆሮ ያበላሻል፤ ብዙ የቀድሞ ወታደር የማያቋርጥ ጩኸት ጆሮው ውስጥ ይዞ ይኖራል። የፍንዳታ ግፊት አንጎልንም ይጎዳል፤ ራስ ምታት፣ መርሳት፣ ብርሃን መጥላት ከዚያ ሊመጣ ይችላል። እኛ ጠባይ ነው ያልነው ስንቱ ጉዳት ይሆን?

ሌላው በጣም የሚያንገበግበኝ፣ ከሠራዊት የመጣን ሰው ሁሉ በር ላይ ማቆማችን ነው። ሠራዊት ውስጥ የሬዲዮ ቴክኒሻን አለ፣ ከባድ መኪና በጨለማ የሚጠግን መካኒክ አለ፣ የቁስለኛን ደም በደቂቃ የሚያቆም የሕክምና ባለሙያ አለ፣ ለብዙ ሺህ ሰው ስንቅ አስልቶ የሚያደርስ የሎጂስቲክስ ሰው አለ። እናንተ የምታዩለት ሥራ ጥበቃ ብቻ ነው። የጥበቃ ሥራ ክቡር ነው፣ የሚወደው ይሥራው። ሌሊቱን ሙሉ ለብቻው ነቅቶ ጨለማ ላይ እንዲያፈጥ ያደረጋችሁት ሰው ግን ይህንኑ ሊረሳው የሚታገል ሊሆን እንደሚችል አስባችሁ ታውቃላችሁ? ስትቀጥሩ ሙያውን ጠይቁ፤ የሠራዊት የሥራ መጠሪያ ካልገባችሁ በቀን ምን ይሠራ እንደነበር በዝርዝር ይንገራችሁ።

እናንተም ከሠራዊት የወጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ «ሆድ ይፍጀው» ማለቱ ይብቃችሁ። ይህ ሕመም ሕክምና አለው፤ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ያንን ትዝታ ቀስ በቀስ እየገጠሙ የሚደረጉ የንግግር ሕክምናዎች ብዙ ሰው አሽለዋል። መጠጥ ግን እንቅልፉን ያበላሸዋል፣ ሕመሙንም ያከርመዋል። ለሥራ ባልደረባችሁ ሁሉ ታሪካችሁን የመናገር ግዴታ የለባችሁም፤ ለሐኪም ንገሩ፣ ለቅርብ አለቃችሁም ሥራችሁን የሚያቀልላችሁን ነገር ብቻ ንገሩት።

አለቃ ሆይ፣ የነገረህን አንተ ጋ አስቀረው። ሐኪም ልሁን አትበል፣ የምክር ናዳም አታውርድበት። «ምን ብናደርግ ሥራህ ይቀልልሃል?» ብለህ ጠይቅ፣ ያለህንም ፈጽም። ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ ግን ምሥጢር ብለህ ዝም አትበል፤ ብቻውን ሳትተወው በዚያው ሰዓት ከሕክምና ባለሙያ ጋር አገናኘው።

የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለእናንተ ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያለፉትን ዓመታት የማስጠንቀቂያና የስንብት መዝገብ አውጡ። ከሠራዊት መጥተው በአርፋጅነት፣ በግልፍተኝነት፣ በቸልተኝነት የተጻፈባቸውን ፈልጉ፤ ከደብዳቤው በፊት ምን ሆነህ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው እንደነበር አጣሩ። ጠያቂ ያልነበራቸውን በስልክ ፈልጋችሁ አግኟቸው፣ ክፍት ቦታ ካላችሁም መልሷቸው።